የሰባ ጉበት፣ ቦርጭና የሚደነዝዝ ጭንቅላት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ መነሻቸው አንድ ነው። ለሌላ ጉዳይ የሆድ አልትራሳውንድ የተነሳ ሰው ውጤቱ ላይ «ጉበት ላይ ስብ አለ» የሚል መስመር ያነባል፤ ከዚያ ወይ እንቅልፍ ያጣል፣ ወይ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ይረሳዋል። ሁለቱም አይበጅም። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ነው፤ ፒያሳ ሱቅ ስላለኝ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። ለሐሞት ጠጠር ብዬ የተነሳሁት አልትራሳውንድ «ግሬድ 2 ፋቲ ሊቨር» ይላል። የሚያመኝ ነገር የለም። ቀጥሎ ምን ልመርመር?

መልስ፦ «ግሬድ 2» የሚነግርዎ የስቡን መጠን ነው እንጂ ጉበትዎ ምን ያህል እንደተጎዳ አይደለም። ከጉበት ሴሎች 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ስብ ከያዙ ጉበቱ ሰብቷል ይባላል፤ አልትራሳውንድ ግን ስቡ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። የወደፊቱን የሚወስነው ጠባሳው ነው፤ እሱን ደግሞ ተራ አልትራሳውንድ ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ መድረቁ) እስኪደርስ ድረስ በደንብ አያሳይም።

ጠባሳ መኖር አለመኖሩን ለመገመት የሚያስፈልገው በየትኛውም ላቦራቶሪ የሚሠራ የደም ምርመራ ነው፦ የጉበት ኢንዛይሞቹ ኤኤስቲና ኤኤልቲ (አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ ብለው ይጽፏቸዋል) እና ከሙሉ የደም ቆጠራ ላይ ፕላትሌት (ደም የሚያረጉት ሴሎች)። ስሌቱ ፊብ-4 ይባላል፤ በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል። ዕድሜን በኤኤስቲ ያባዙ። ለብቻው የኤኤልቲን ስኩዌር ሩት አውጥተው በፕላትሌት ያባዙ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። ለምሳሌ ዕድሜ 52፣ ኤኤስቲ 48፣ ኤኤልቲ 64፣ ፕላትሌት 210 ቢሆን፣ 52 በ48 ሲባዛ 2496፤ የ64 ስኩዌር ሩት 8፣ እሱ በ210 ሲባዛ 1680፤ ሲካፈል 1.49 ይመጣል። ከ1.3 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖር ዕድሉ ትንሽ ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር የጉበት ስፔሻሊስት ዘንድ መሄድ ነው። በመሃል ሲሆን፣ እንደ ምሳሌው፣ የጉበትን መጠጠር የሚለካው ፋይብሮስካን ይታዘዛል፤ እሱ ከ8 ኪሎፓስካል በታች ካለ እፎይ ይባላል።

ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። ወረቀቱ ላይ ፕላትሌት «210,000» ተብሎ ከተጻፈ የሚገባው ቁጥር 210 ነው። ዕድሜ ከ65 ሲያልፍ የታችኛው ገደብ ከ1.3 ወደ 2.0 ከፍ ይላል፤ ከ35 ዓመት በታች ላለ ሰው ስሌቱ አይታመንም። ትኩሳት ላይ እያሉ የተወሰደ ደምም አይሆንም፤ ወባ ፕላትሌትን አውርዶ ኤኤስቲን ስለሚሰቅል ጤነኛውን ጉበት ጠባሳ ያለበት ያስመስለዋል። እንዲሁም «ኤኤልቲዬ ኖርማል ነው» ብለው አይዘናጉ፤ ጠባሳ ኖሮም ኖርማል ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በፊት ግን ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ይመርመሩ። ሄፓታይተስ ቢ አገራችን ውስጥ ተስፋፍቶ ያለ ቫይረስ ስለሆነ ሁሉንም በስብ አሳብቦ ማለፍ ያስከፍላል። የጾም ስኳርና የደም ቅባትም አብረው ይታዩ።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ያለ ሐኪም «ጉበትህ ተቆጥቷል፤ የሚያስቆጡት የራስህ መከላከያ ሴሎች ናቸው» አለኝ። እንዴት የራሴ ሴሎች? የመከላከል አቅም የሚጨምር ነገር ብወስድ ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ አይውሰዱ። የእርስዎ ችግር የመከላከል ድክመት አይደለም፤ መከላከያው እረፍት አጥቶ መሥራቱ ነው። «ኢሚዩኒቲ ይጨምራል» ተብሎ የሚሸጠው ዱቄትና እንክብል ሁሉ እዚህ ቦታ የለውም።

ነገሩ የሚጀምረው ጉበት ላይ ሳይሆን ቦርጭ ውስጥ ነው። የስብ ሴሎች ከልክ በላይ ሲያብጡ የተወሰኑት ኦክስጅን ያጥራቸውና ይሞታሉ። የሞተውን የሚያነሱት ማክሮፌጅ የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ እየመጡ ሟቹን ሴል ዙሪያውን ይከቡታል። በ2003 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጡ ጥናቶች እንደታየው፣ ቀጭን አይጥ ስብ ውስጥ ካሉት ሴሎች ማክሮፌጅ የሚሆኑት ከ10 በመቶ በታች ሲሆኑ እጅግ በወፈረችው ከ50 በመቶ በላይ ደርሰዋል። እነዚህ ሴሎች ዝም ብለው አይቀመጡም። ቲኤንኤፍ-አልፋ የሚባለውንና መሰሎቹን ኬሚካሎች ይረጫሉ፤ ቲኤንኤፍ ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ እንደሚያደናቅፍ ከ1993 ጀምሮ ይታወቃል። ኢንሱሊን ካልታዘዘ ደግሞ ስብ ሴሉ ያጠራቀመውን መያዝ ያቅተውና ወደ ደም ይለቀዋል። ከዚያ መድረሻው ጉበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልኬት ልብ ይበሉ። በ2005 የታተመ ጥናት የሰባ ጉበት ያለባቸው ሰዎች ጉበት ውስጥ ያለው ስብ ከየት እንደመጣ ተከታትሎ ነበር። 59 በመቶው ከደም የመጣ፣ ማለትም ከሰውነት ስብ የተለቀቀ፣ 26 በመቶው ጉበቱ ራሱ ከስኳርና ከመሰል ምግቦች የሠራው፣ 15 በመቶው ብቻ በቀጥታ ከተበላ ቅባት የመጣ ሆኖ ተገኘ። ቅቤ ትቶ ለስላሳ መጠጥና ቦርጭ ይዞ የቀጠለ ሰው ጉበቱ የማይለወጥለት ለዚህ ነው።

ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛው የሚመጣው ከአንጀትና ከአካባቢው ነው። እዚያ በር ላይ ኩፕፈር የሚባሉ ነዋሪ ማክሮፌጆች እንደ ዘበኛ ቆመው ከአንጀት ያመለጠውን የባክቴሪያ ስብርባሪ ይለቅማሉ። ጤነኛ ጉበት ውስጥ ሥራቸውን በጸጥታ ነው የሚሠሩት። የጉበት ሴሎች በስብ ታፍነው መጎዳት ሲጀምሩ ግን የጭንቅ ምልክት ይለቃሉ፤ ነባሮቹ ኩፕፈር ሴሎች እየሞቱ ይመናመናሉ፤ በቦታቸው ከመቅኒ ሞኖሳይት የሚባሉ አዳዲስ ነጭ የደም ሴሎች ይላካሉ። እነዚህ አዲስ መጤዎች ከነባሮቹ ይልቅ ቁጡ ናቸው። ገዳይ ቲ-ሴሎችም ይቀላቀሏቸዋል። ይህ ሁሉ ሲደጋገም ስቴሌት የሚባሉት፣ በደህናው ጊዜ ቫይታሚን ኤ አጠራቅመው የሚተኙ ሴሎች ይነቁና ጠባሳ መሥራት ይጀምራሉ።

ታዲያ ሴሎቹን በመድኃኒት ማገድ ነዋ! ተሞክሯል። ሞኖሳይቶቹ ወደ ጉበት እንዳይገቡ የሚያግደው ሴኒክሪቪሮክ የተባለ መድኃኒት እስከ ትልቁ የሙከራ ምዕራፍ ደርሶ ነበር፤ ጠባሳውን ሊቀንስ ስላልቻለ በ2021 ሙከራው ቆመ። ለእኛ ይህ ብዙ ይናገራል፤ ጭነቱ እያለ ሠራተኛውን ማባረር አላዋጣም። ጭነቱ ሲቀንስ ግን ሴሎቹ ራሳቸው ይረጋሉ። ከክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ ሲወርድ የጉበት ስብ ይቀንሳል፤ ከ7 እስከ 10 ሲወርድ ብግነቱ (የጉበቱ ቁጣ) ይበርዳል፤ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲወርድ በብዙዎች ላይ ጠባሳውም ይሳሳል። 88 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው ግብ 4 ኪሎ ግድም ነው፤ ሁለተኛው ከ6 እስከ 9። በወር ከ2 እስከ 4 ኪሎ ይበቃል። በረሃብ አድማ ዓይነት በአንድ ጊዜ መቀነስ የስብ ጎርፍ ወደ ጉበት ይለቃል፤ የሐሞት ጠጠርም ያመጣል።

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው፤ ሜክሲኮ አካባቢ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ወፍራም ነኝ፣ ጉበቴም ሰብቷል። ከሰዓት በኋላ ጭንቅላቴ ይደነዝዛል፤ የሰው ስም ይጠፋብኛል። ስቡ ወደ ጭንቅላቴ ወጥቶ ይሆን?

መልስ፦ ስቡ አልወጣም፤ ግን ጥያቄዎ ከንቱ አይደለም። መጀመሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንለይ።

አንደኛው በሲሮሲስ የሚመጣ ነው። ጉበት ደርቆ አሞኒያን ማጣራት ሲያቅተው ሰውየው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፤ እጁን ዘርግቶ ሲይዝ እንደ ክንፍ ይርገበገባል፤ ንግግሩ ይምታታል። ይህ ድንገተኛ ሕክምና የሚፈልግ ነው። ሲሮሲስ የሌለበት፣ ጉበቱ የሰባ ብቻ የሆነ ሰው ላይ አይመጣም።

ሁለተኛው ዝቅ ያለ፣ የማይታይ የአንጎል ብግነት ነው። አንጎል የራሱ ነዋሪ መከላከያ ሴሎች አሉት፤ ማይክሮግሊያ ይባላሉ። ርሃብንና ጥጋብን የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ ግርጌ፣ ደም ወደ አንጎል የሚያልፍበት አጥር የሳሳ ቦታ አለ። ስለዚህ ከቦርጭና ከጉበት የሚነሱት ኬሚካሎችም፣ የምግቡ ቅባትም እዚያ በቀላሉ ይደርሳሉ። በ2012 በታተመ ጥናት ቅባት የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው አይጦች ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ፣ ገና ሳይወፍሩ፣ እዚያው ቦታ ላይ ማይክሮግሊያቸው ሲቆጣ ታይቷል። በዚያው ጥናት ወፍራም ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩ በተመሳሳይ ቦታ የጉዳት ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ውጤቱ ክፉ አዙሪት ነው፤ የጥጋብ ምልክት ሌፕቲን ቢመጣም አይሰማም፣ ሰው ይበላል፣ ይወፍራል፣ ቦታው ይበልጥ ይቆጣል። «ራሷን መግዛት አቃታት» ተብሎ የሚታማ ሰው ግማሽ ችግሩ እዚህ ነው ብንል አናጋንንም።

ጉበቱስ? በ2022 የወጣ ሌላ የአይጥ ጥናት ጉበታቸው በምግብ ምክንያት የሰባ አይጦች አንጎል ውስጥ ኦክስጅን እንደሚቀንስና ብግነት እንደሚታይ አሳይቷል። ግን አይጥ ነው። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ሁለቱ አብረው እንደሚታዩ እንጂ አንዱ ሌላውን እንደሚወልድ አያረጋግጥም። እርግጠኛ ሆነን የምንናገረው፣ በ2024 ላንሴት መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች ጋር የተያያዘ ነው ማለቱን ነው፤ በጉልምስና ዕድሜ መወፈር፣ ስኳር፣ ደም ግፊትና ከፍተኛ ኮሌስትሮል ከ14ቱ ውስጥ ናቸው።

ለእርስዎ ግን መጀመሪያ የሚታዩት ሌሎች ናቸው። ሌሊት ያንኮራፋሉ? ትንፋሽ እየተቆራረጠ የሚተኛ ሰው ቀን ይደነዝዛል፤ ወፍራም ሰው ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ጉበቱንም ያባብሳል። ታይሮይድ፣ ደም ማነስና ቫይታሚን ቢ12 ይለኩ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱና ጾም የሚያጠብቁ ከሆነ ቢ12 ከሁለት ወገን ይጎድላል፤ አንዱ መምጠጡን ይቀንሳል፣ ሌላው ምንጩን። ድብርትም ማስታወስን ይሰርቃል፤ እሱን መጠየቅ አያሳፍርም። ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚመጣ ድንዛዜ ደግሞ ከምሳው መጠን ጋር ተያይዞ ይታይ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ሁሉንም አጽዋማት እጾማለሁ። ሥጋና ቅቤ እንደዚያ እየተውኩ ጉበቴ ለምን ሰባ?

መልስ፦ የጾም ምግብ ስብ የለውም ያለው ማን ነው? ቤትዎ ውስጥ ለ4 ሰው በወር 5 ሊትር ዘይት የሚያልቅ ከሆነ ሒሳቡ ለአንድ ሰው በቀን 38 ግራም ገደማ ይመጣል፤ ይህ ብቻ ወደ 345 ካሎሪ ነው። ዘይቱ ደግሞ የሚረጋው ፓልም ከሆነ ግማሽ ያህሉ ጠጣር ቅባት ነው። ሰዎችን ሆን ብለው ባወፈሩ ጥናቶች፣ እኩል ኪሎ ጨምረው እንኳ በፓልም ዘይት የወፈሩት ጉበታቸው በሱፍ ዘይት ከወፈሩት ይልቅ ሰብቷል። ስለዚህ ዘይቱን ወደ ሱፍ ወይም ኑግ መቀየር፣ መጠኑንም መቀነስ ሁለቱም ይረዳሉ።

ከዘይቱ የባሰው ግን ስኳሩ ነው። በአንድ ስኒ ሻይ 3 የሻይ ማንኪያ የሚያደርግ ሰው ከ12 እስከ 15 ግራም ገባለት፤ በቀን አራት ስኒ 50 ግራም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል 25 እንዲሆን ይመክራል። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻውን 32 ግራም አካባቢ ይይዛል። የጾም ኬክ፣ ብስኩትና ጁስ ቤት የሚቀርበው ስፕሪስም ከዚህ ሒሳብ አያመልጡም።

እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ በራሱ ጉበትን አይጎዳም፤ እንዲያውም ሊያሳርፈው ይችላል። የሚያበላሸው አፈታቱ ነው፤ ርቦት የገባ ሰው ሁለት ሦስት እንጀራ በአንድ ቁጭታ ያነሳል፣ በላዩ ጣፋጭ ይጠጣል። ሲያፈጥሩ መጀመሪያ ውሃና ሰላጣ ወይም ጎመን ይቅደም። ሽሮውን ሽንኩርቱን በውሃ አቁላልተው ለ4 ሰው ድስት 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት መጨረሻ ላይ ያድርጉበት። ምስር፣ ባቄላና አተር ይብዛ፣ እንጀራው ወደ አንድ ይውረድ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው ግን መጠኑ ሳይስተካከል እንዲህ ረጅም ሰዓት መጾም የለበትም፤ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል።

እግረ መንገድ፦ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ክብደት ሳይቀንስም የጉበት ስብን ያወርዳል። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ወርዶ መመለስ ለዚህ ጥሩ መለኪያ ነው፤ መውረዱ ሳይሆን መመለሱ ነው የሚቆጠረው።

ጥያቄ፦ ቀጭን ነኝ፣ 61 ኪሎ። ጉበቴ ሰብቷል መባሌ ስህተት አይደለም?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሚዛኑን ትተው ሜትር ያምጡ፤ ከመጨረሻው ጎድንና ከዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ አውጥተው፣ ሳይጎትቱ ይለኩ። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ቦርጩ አለ ማለት ነው። ከሌለ አልኮል፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ ወይም እንደ ስቴሮይድ፣ ታሞክሲፌን፣ አሚዮዳሮንና ቫልፕሮኤት ያሉ መድኃኒቶች ይፈተሹ።

ጥያቄ፦ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ... ጉበት የሚያጸዳው የትኛው ነው?

መልስ፦ አንዱም። ጉበት አይታጠብም። በምግብ መጠን አብሽም ሎሚም ጉዳት የላቸውም፤ ይቀጥሉ። የምንፈራው በማይታወቅ መጠን የሚጠጣውን የሥራ ሥር መድኃኒትና «ቦርጭ ያጠፋል» የሚባለውን እንክብል ነው፤ የተጨመቀ አረንጓዴ ሻይ ያለባቸው እንክብሎች ሰውን ለከባድ የጉበት ጉዳት ዳርገዋል። ጫትም በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተደረጉ ጥናቶች እንደታየው ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር ተያይዟል። ከጓዳችን ደህና ማስረጃ ያለው ቡና ነው፤ በቀን 2 ወይም 3 ስኒ የሚጠጡ ሰዎች ላይ ጠባሳ አነስ ብሎ ይታያል። ስኳሩ ይቅር እንጂ።

ጥያቄ፦ ኮሌስትሮል መድኃኒቴን (አቶርቫስታቲን) ጉበቴ ሰብቷል ሲሉኝ አቆምኩ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም፤ ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ይመለሱበት። የሰባ ጉበት ያለባቸውን ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚገድለው ልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ኢንዛይሞቹ ከላይኛው ገደብ ከ3 እጥፍ በታች ከፍ ማለታቸው ብቻውን ስታቲን አያስቆምም።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ በሳምንት አንዴ የሚወጋ የማክሻ መርፌ ይሸጣል። ጉበትንም ጭንቅላትንም ያድናል ይሉታል። አስፕሪንም ይረዳል ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ መርፌው ሴማግሉታይድ ከሆነ ለጉበቱ እውነትነት አለው። በ72 ሳምንት ሙከራ 62.9 በመቶ በሚሆኑት ላይ የጉበት ብግነቱ ጠባሳው ሳይብስ ጠፍቷል፤ ባዶ መርፌ ከወሰዱት ይህን ያገኙት 34.3 በመቶ ናቸው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. መካከለኛ ወይም የከፋ ጠባሳ ላለባቸው፣ ሲሮሲስ ላልደረሱ ሰዎች ፈቅዶታል። ከዚያ በፊት በመጋቢት 2024 ሬስሜቲሮም የሚባል እንክብል ተፈቅዶ ነበር። ለጭንቅላቱ ግን በ2025 መጨረሻ ውጤቱ በወጣው የአልዛይመር ሙከራ መድኃኒቱ በሽታውን አላዘገየም።

ከቦርሳ ወጥቶ የሚሸጥ መርፌ አይግዙ። ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል። በማን እጅ እንዴት እንደመጣ የማይታወቅን መርፌ ይህን ሁሉ አሟልቷል ብሎ ማመን ሞኝነት ነው። ሲቆም ክብደቱ እንደሚመለስም ይወቁ። በ2024 የወጣ ጥናት የስብ ሴሎች ሰውየው ከከሳ በኋላም የውፍረቱን ዘመን ትዝታ ይዘው እንደሚቆዩ አሳይቷል፤ ስለዚህ መጠበቁ ከመቀነሱ ይከብዳል።

አስፕሪንን በተመለከተ፣ 80 ሰዎች ብቻ የተሳተፉበት የ6 ወር ጥናት በቀን 81 ሚሊ ግራም የጉበት ስብን እንደቀነሰ በ2024 ታትሟል። ትንሽ ጥናት ነው። ጨጓራ በበዛበት ከተማ ለዚህ ብሎ አስፕሪን መጀመር የደም መፍሰስ መጋበዝ ነው፤ ለልብ የታዘዘለት ሰው ግን ይቀጥል።

ጥያቄ፦ በቀን ሁለት ሦስት ቢራ ብጠጣ ጉበቴ ላይ ያለው ስብ «የአልኮል ነው» ይባላል?

መልስ፦ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ የሆነ ቢራ ውስጥ 13 ግራም አልኮል አለ። ሦስት ጠርሙስ በየቀኑ በሳምንት 273 ግራም ይሆናል። የአልኮል ድርሻ አለበት የሚያሰኘው ገደብ ለወንድ በሳምንት 210፣ ለሴት 140 ግራም ስለሆነ ሦስቱ ያልፋሉ፤ ሁለቱ 182 ሆነው ለወንድ ከገደቡ በታች፣ ለሴት በላይ ናቸው። ጠጅና አረቄ በብርሌና በመለኪያ ስለሚቀዱና ጥንካሬያቸው ከቤት ቤት ስለሚለያይ በዚህ ሒሳብ አይገቡም፤ አብልጠው ይገምቷቸው። ፊብ-4 ወይም ፋይብሮስካን ጠባሳ ያሳየበት ሰው ከሆኑ ደግሞ ይህን ሁሉ ማስላት አያስፈልግዎም፤ ለእርስዎ ቁጥሩ ዜሮ ነው።